ቀይዋ ኮረብታ ማርስ ትሁንልን፦ የክረምቱ ጨዋታ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንደተባባልነው የክረምቱን የልጆች ጨዋታ ሐሳብ እዚሁ አብረን እንጻፈው። ሲያልቅ ለኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴና ለትምህርት ቤቱ የወላጅና መምህራን ኅብረት በአንድ ደብዳቤ ይገባል። የምንጠይቀው ከቡሄ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ የጋራ መገልገያ ሕንጻችንን፣ ኮሚናሉን፣ እንዲፈቅዱልን ነው።

መነሻው ይህ ነው። ማርስ ላይ አርባ ሰው የሚኖርበት መንደር አለ። ቀድመው የተላኩ ቆፋሪ ማሽኖች ትእዛዛቸው ተዛብቶባቸዋል። መንደሩን እንደ ቋጥኝ ቆጥረው ሊቆፍሩት እየመጡ ነው። ልጆቹ ሳይመሽ ማስቆም አለባቸው። ስለ ቦታው ብዙ አንጨነቅ። የሰፈራችን ስም ቱሉ ዲምቱ ማለት በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ነው። ስሙ ተዘጋጅቶ ጠብቆናል።

የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ልጆቹ ማሽኖቹን በኳስ መትተው ይጥላሉ ብዬ ነበር። ደግሜ ሳነበው አልጣመኝም። እስቲ ሐሳብ ስጡኝ።

የብሎክ 14 እናት፦ ኳሱ ይቅር፣ እባክሽ። መስኮቱም አለ፣ ትንንሾቹም አሉ። ደግሞ እኔ የምፈልገው ልጄ ማታ ቤት ገብታ የምትነግረኝ ነገር እንዲኖራት ነው። «መታሁት፣ ወደቀ» ብቻ ከሆነ ምን ይዛልኝ መጣች?

ጋሼ (የስልክ መስመር ጥገና ጡረተኛ)፦ እውነቷን ነው። ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ1888 ዓ.ም. ጣልያን መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ገብቶ ነበር። ግንቡን በጉልበት ለመስበር ሲሞከር ብዙ ሰው አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ግን ሌላ ነገር አዩ። ምሽጉ የሚጠጣው ውሃ ከግንቡ ውጭ ካለ ምንጭ ነበር። ሰው አዘዙ፣ ምንጩ ተያዘ። ውስጥ ያለው ወታደር ጥሙን አልቻለም። ጥር ላይ ምሽጉን ለቆ ወጣ።

እንግዲህ ልጆቹን መጀመሪያ የምትጠይቋቸው ይህን ይሁን፦ የማሽኑ ምንጭ የት ነው?

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ይህ የሐሳቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ይሆናል። ኳሱን ሰርዤዋለሁ።

አውቶ ኤሌትሪሺያኑ፦ ምንጩማ መብራት ነው። ማሽን ያለ መብራት ብረት ነው። መንደሩ መሃል አንድ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ እንሥራ። ማሽኖቹ ቻርጅ የሚያደርጉት ከሱ ነው እንበል። ልጆቹ ጥበቃውን አልፈው ደርሰው ካጠፉት አለቀ። እኔ በካርቶንና በአምፖል አሳምሬ እሠራዋለሁ። በአንድ ቀን ያልቃል።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ሥራህን አውቀዋለሁ፣ የሚያምር ነገር ይወጣሃል። ግን ማብሪያ ማጥፊያው ሲጠፋ አርባውም ሰው አብሮ ያልቃል። ይህን ቁጭ ብለን እንየው፤ ለእኔ የጨዋታው ልብ እዚህ ጋ ነው።

የማርስ አየር 95 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግፊቱም ከምድር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰው የሚተነፍሰው ኦክስጅን መሠራት አለበት። ይህ በእርግጥ ተሞክሯል። ፐርሲቪራንስ በተባለችው ተሽከርካሪ ላይ ሞክሲ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነበር። ከ2021 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. የማርስን አየር እየሳበ፣ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያሞቀ፣ በኤሌክትሪክ ኦክስጅኑን ለየው። በ16 ጊዜ ሥራ በድምሩ ያወጣው 122 ግራም ነው። አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የዚያ ሁሉ ጊዜ ምርት ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በእርግጥ መሣሪያው ለሙከራ የተሠራ ትንሽ ነገር ነው። የመንደር የሚሆነው ግን በዚያው ልክ ብዙ መብራት ይበላል።

ማሽኖቹን የሚያበላውና ሰውን የሚያስተነፍሰው አንድ መስመር ከሆነ፣ መስመሩን መቁረጥ መፍትሔ አይደለም።

የብሎክ 14 እናት፦ ይህንንማ እዚህ የሚኖር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም አራተኛ ፎቅ ውሃ አይወጣም። ከዚያ ጀሪካን ይዞ ደረጃ ነው። የእኔ ልጅ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሮቶው ውስጥ ውሃ አለ?» ብላ ነው። እዚያም እንደዚያው አስጠይቋቸው።

ጸሐፊዋ፦ እትዬ፣ ይህን እንዳለ አስገባዋለሁ። ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርቶን እንለጥፍ። ልጆቹ አንድ ነገር ከማጥፋታቸው በፊት «ይህ ሲቆም አብሮ ምን ይቆማል?» የሚለውን ጽፈው ይሙሉ። ያልሞላ ቡድን ወደ ማሽኖቹ መውጣት አይችልም።

አውቶ ኤሌትሪሺያኑ፦ ገባኝ። ማብሪያ ማጥፊያው ይኑር ግን። የሚያጠፋው ካለ ውጤቱን ይይ። አንዱን መስመር ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ አደርግና ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ እንዲታይ አደርገዋለሁ።

የአሥረኛ ክፍሏ ተማሪ፦ እኔም ሐሳብ አለኝ። ማሽኖቹ ጀርባቸው ላይ ሶላር ቢኖራቸውስ? ከመንደሩ መስመር ሳይሆን ከፀሐይ ቢበሉ ምንጫቸው ለብቻው ይሆናል። ከዚያ አቧራ ነው። ኦፖርቹኒቲ የምትባለው ተሽከርካሪ ለ90 የማርስ ቀን ታስባ ነው የሄደችው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ14 ዓመት በላይ ሠራች። በመጨረሻ ያስቆማት ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. የተነሣው የአቧራ ማዕበል ነው። ፀሐይዋ ተሸፈነች፣ ባትሪዋ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። ሳነበው አልቅሻለሁ። እዚህ ግን ያው አቧራ ልጆቹን ቢያድንስ?

አውቶ ኤሌትሪሺያኑ፦ ይህን በተግባር ማሳየት ይቻላል! ትንሽ ሶላር አለኝ። የመብራት መለኪያ ቴስተር አለኝ። ከጣውላ ቤት ሰጋቱራ በነፃ እናገኛለን። ልጁ አንድ እፍኝ ይበትናል፣ ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኑ ያያል። ሌላ እፍኝ፣ ደግሞ ይወርዳል። ስንት እፍኝ ላይ ሞተሩ እንደሚቆም ራሳቸው ይመዝግቡ። ዝናብ ከሆነ በአምፖል ብርሃን እናደርገዋለን።

የፊዚክስ መምህሩ፦ በጣም ጥሩ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማርስ ላይ ነፋስ አቧራውን አንዳንዴ ጠርጎ ይወስደዋል። እነ ኦፖርቹኒቲ ያን ያህል ዕድሜ ያገኙት በዚህም ጭምር ነው። ስለዚህ አቧራ የለበሰ ማሽን ሊነሣ ይችላል። «ነፋስ» የሚል ካርድ ይኑር። ሁለተኛ፣ የመንደሩም ሶላር ከዚያው አቧራ አያመልጥም። ጠራጊ ቡድን ያልመደበ መንደር ራሱን ይጎዳል።

ደግሞ አሸዋ አለ። ስፒሪት የተባለችው የኦፖርቹኒቲ መንትያ በ2009 እ.ኤ.አ. ከላይ ጠንካራ መስሎ ከታች ለስላሳ በሆነ አፈር ውስጥ ሰመጠች። ከፊት ጎማዎቿ አንዱ ቀድሞም አይዞርም ነበር። ክረምቱ ሲመጣ ወደ ፀሐይ ዘንበል ማለት አልቻለችም። መብራት ሲያንሳት ሙቀትም አነሳት። መጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ድምፅዋ ተሰማ። አሸዋ ያዛት፣ ብርድ ጨረሳት። ልጆቹ የእኛን የክረምት መንገድ ያውቁታል። የጫነ ገልባጭ መኪና ጎማው ባዞረ ቁጥር ሲሰምጥ ስንቴ አይተዋል። ቆፋሪዎቹን ወደ ለስላሳው አፈር የሚስብ መንገድ ይንደፉ።

ጋሼ፦ በአየር የሚሄድ የለም? ጠላት ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያይ ሰው ይልካል።

የአሥረኛ ክፍሏ ተማሪ፦ አለ፣ ጋሼ። ኢንጀኒዩቲ የምትባል ትንሽ ሄሊኮፕተር ነበረች። 5 ጊዜ ትበራለች ተብሎ 72 ጊዜ በረረች። ወደ ታች በምታይ ካሜራ ጠጠሩን እያየች ነው መንገዷን የምታውቀው። ጥር 2024 እ.ኤ.አ. ላይ ምንም ምልክት የሌለው አሸዋ ላይ ስትወርድ መለየት አቃታት፣ ክንፏ ተሰበረ። ስለዚህ የእነሱን ሰላይ ለማሳወር ምልክት ማጥፋት ነው። ልጆቹ ኮሚናሉ ወለል ላይ ያለውን ጠጠር ለቅመው አሸዋውን በመጥረጊያ ቢያስተካክሉት ሰላዩ ይጠፋዋል።

የብሎክ 14 እናት፦ በጨዋታው ምክንያት ኮሚናሉ ይጠረጋል ማለት ነው። ኮሚቴው ይህን ቢሰማ ይፈቅድልናል።

የአሥረኛ ክፍሏ ተማሪ፦ አንድ ደግሞ ቲቸር ከነገሩን ታሪክ ላይ ድራማ ሠርቻለሁ። አራት ልጅና አንድ ቁልፍ ነው የሚያስፈልገው። አንዱ ሰብሳቢ ነው፤ ሥራው ከሁሉ ይበልጣል። የኮሚናሉ ቁልፍ ግን ዘበኛው እጅ ነው። ዘበኛው ቁልፉን ሊያስረክብ ሲነሣ አንድ ጎረቤት ይይዘዋል። «ቆይ አንዴ» እያለ ወሬውን አይጨርስም። ዘበኛው ትቶት መሄድ አልቻለም። ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ ቀረ። ውጭ ሰዓት የያዘ አራተኛ ልጅ አለ። ሰብሳቢው በጊዜው ካልገባ ፊሽካ ይነፋል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የፊዚክስ መምህሩ፦ በደንብ ይዘሽዋል። ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። በ1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ያረፈው ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሩ በየጊዜው ራሱን እያጠፋ ይነሣ ነበር። ዝቅተኛ የተባለው ሥራ የአየር ጠባይ መረጃ መሰብሰብ ነው፤ ወደ ጋራው የመረጃ መተላለፊያ የሚያስገባውን ቁልፍ ይዟል። መካከለኛው የመልእክት ሥራ እየገባ ያቋርጠዋል። ዋናው ሥራ ቁልፉን ይጠብቃል። ሰዓት ቆጣሪው «ዋናው ዘገየ» ብሎ ሁሉን እንደገና ያስነሣል። ባለሙያዎቹ ምድር ላይ ባለው አምሳያ ላይ ችግሩን ደግመው አዩት፣ ማስተካከያውንም ከዚሁ ላኩለት።

ለጨዋታችን ልጆቹ ቆፋሪዎቹን በመልእክት ያጨናንቋቸዋል። ማሽኑ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ይጠፋል። ለዘለቄታው አያቆመውም። ግን እያንዳንዱ መነሣት ለመንደሩ ጥቂት ደቂቃ ይገዛል።

ጸሐፊዋ፦ ከምድር እርዳታ ስለመጠየቅስ? ልጆቹ መጀመሪያ የሚሉት «ስልክ እንደውል» ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ይደውሉ። መልእክት በብርሃን ፍጥነት ሄዶ ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። መልሱም ያንኑ ያህል። ስለዚህ ጥያቄያቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ለሯጭ ይስጡ። ሯጩ ብሎኮቹን ዞሮ 8 ደቂቃ ቆይቶ ምድር ሆኖ የሚመልሰው «እንጦጦ» የተባለው ክፍል ይደርሳል። መልሱ ሲመለስ ሌላ 8። ጥያቄ የሚያባክን ቡድን ጊዜው ያልቅበታል።

ጋሼ፦ ስለ እንጦጦ ከተነሣ፣ እውነተኛውንም የጠፈር መመልከቻ ቢያዩት ጥሩ ነው። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ አለ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትወነጨፍ ሰዉ ማለዳ እዚያ ተሰብስቦ ነው የተከታተለው። እኔ በቴሌቪዥን አየሁ። እነዚህ ልጆች በእግራቸው ይርገጡት።

ጸሐፊዋ፦ እኔም እፈልጋለሁ። በነሐሴ ግን ሰማዩ ደመና ነው፣ ከዚህ እስከዚያም ከተማውን ሙሉ ማቋረጥ ነው። ከመስቀል በኋላ ለብቻው እንጠይቅ። እዚህ ሐሳብ ውስጥ አላስገባውም።

አሁን የቀረን አንድ ክርክር ነው። መንደሩ ሊሸነፍ ይችላል ወይስ አይችልም?

የብሎክ 14 እናት፦ ትንንሾቹ ያለቅሳሉ። የሰባት ዓመት ልጅ «ኦክስጅን አለቀ፣ ሞታችኋል» ተብሎ ቤቱ አይሂድ።

ጋሼ፦ ልጅ ይሸነፍ ግድ የለም። ግን በዚያው አይቅር፣ ተመልሶ ይሞክር።

አውቶ ኤሌትሪሺያኑ፦ ቅዳሜ ያልተሳካለት እሁድ ይድገም። ያንኑ ካርታ፣ ያንኑ ማሽን። ቅዳሜ የት እንደተሳሳተ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ያድራል። ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ማሽኖቹ ይቁሙ እንጂ አይሰባበሩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ከአፈሩ ሥር በረዶ መኖሩን አረጋግጣለች። መንደሩ ያን በረዶ የሚያወጣለት ቆፋሪ ያስፈልገዋል። እኔ ጋራዥ ውስጥ የተፈታውን ሁሉ የምፈታው መልሼ ልገጥመው ነው። ማሸነፍ ማለት ማሽኑን አቁሞ፣ ትእዛዙን አስተካክሎ፣ ወደ ሥራው መመለስ ይሁን።

የብሎክ 14 እናት፦ ይህ ደስ ይላል። እስማማለሁ። «ሞታችኋል» የሚለው ቃልም ይቅር፤ «መጠለያ ገብታችኋል» በሉ።

ጸሐፊዋ፦ ተስማምተናል ማለት ነው። የሚገባው ይህ ነው፤ ቃል የሚቀየርበት ካለ ዛሬ ማታ ንገሩኝ።

*«እኛ ከታች የፈረምነው ነዋሪዎች ከቡሄ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ ከ7 እስከ 15 ዓመት ላሉ የሰፈሩ ልጆች የሁለት ቀን ጨዋታ ልናዘጋጅ ኮሚናሉ እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ልጆቹ ማርስ ላይ ያለ መንደርን ከተዛቡ ቆፋሪ ማሽኖች ያድናሉ። መምታት የለም። የማሽኑን ምንጭ ይፈልጋሉ፤ ምንጩ ሲቆም አብሮ የሚቆመውን አስቀድመው ይጽፋሉ። አቧራን በሶላርና በቴስተር ይለካሉ፣ መንገድን በአሸዋ ይነድፋሉ፣ ሰላዩን ያሳውራሉ፣ ኮምፒውተሩን ያዘገያሉ። ከምድር መልስ ጠብቀው ይወስናሉ። በመጨረሻም ማሽኖቹን አስተካክለው ወደ ሥራ ይመልሳሉ። ቅዳሜ ያልጨረሰ ቡድን እሁድ ይደግማል። ካርቶን፣ ሰጋቱራና አሸዋ ከሰፈሩ እንሰበስባለን። ኤሌክትሪክ ነክ ሥራው በሙሉ በባትሪ ብቻ ሲሆን አንድ ባለሙያ ከጎን ይቆማል። ኮሚናሉን ጠርገን እናስረክባለን።»*

ጋሼ፦ ፈርሜያለሁ። እንጦጦ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የምመልሰው እኔ ነኝ።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ተስማምቻለሁ። የትምህርት ቤቱን ኅብረት ሰኞ አነጋግራለሁ።

የአሥረኛ ክፍሏ ተማሪ፦ ለድራማው አራት ልጅ አግኝቻለሁ። ፊሽካ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

የብሎክ 14 እናት፦ ቆሎና ሻይ በእኔ ነው። የኮሚናሉን ቁልፍም ከዘበኛው ዛሬውኑ እጠይቃለሁ።