ጅማ ላይ አባትን ከቡና ማሳቸው ጋር ማሳል፦ የት ይሻላል?

እህቴ፣ «የአባቴን ሥዕል የት ላሠራ?» ያልሽውን ጥያቄ አይቼ ነው። አባትሽን ከቡናቸው ጋር ማሳል ከፈለግሽ ጅማ ሆነሽ ሦስት አማራጭ አለሽ።

ለስጦታ ከቸኮልሽ ማተሚያ ቤት ሂጂ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ሥዕል አስመስለው ሸራ ላይ ያትሙልሻል። ቶሎ ይደርሳል፣ ዋጋውም ይቀላል። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከሰቀልሽው ግን ቀለሙ ይለቃል። ለእኔ ደግሞ ያው ፎቶ ነው።

ሁለተኛው ፎቶ በቴሌግራም ልኮ አዲስ አበባ ማሳል ነው። እንደ ፋይል ላኪው፤ ዝም ብለሽ ከላክሽው ጥራቱ ይወርዳል። ፊት ላይ የተካኑ ሠዓሊዎች ሞልተዋል። ችግሩ ያለው ከጀርባው ነው። ለጎረቤቴ የመጣላትን አይቻለሁ። ፊቱ ቁርጥ አባቷ! ከኋላ ግን ቢጫ የስንዴ ማሳ። እዚሁ ጅማ ዞን ያለው የማና ወረዳ ቡና ገበሬ ስንዴ መሃል ምን ይሠራል?

እኔ የምመርጠው እዚሁ ያለ፣ ማሳው ድረስ የሚሄድ ሠዓሊ ነው። የእኛ አገር ቡና የሚበቅለው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው። ብርሃኑ በቅጠል ተጣርቶ ስለሚወርድ ግንባር ላይም፣ ነጭ ጋቢ ላይም አረንጓዴ ጣል ያደርጋል። ይህን በዓይኑ ያላየ ሰው ጋቢውን ነጭ፣ ጥላውን ግራጫ አድርጎ ይገላገላል። ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት የድሮ ሥራዎቹን አሳየኝ በዪው። የተሣለውን ሰው ፊት ተዪና እግሩን እዪ። ጫማው ሥር ጥላ ከሌለ ሰውየው እንደ ስቲከር ተለጥፏል ማለት ነው።

መጠኑንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሰው ቁመት የጭንቅላቱን ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ቁመቱ 70 ሳንቲሜትር በሆነ ሸራ ላይ አባትሽ ግማሹን ይዘው ቢቆሙ፣ ጭንቅላታቸው 5 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። እዚያ ላይ መልክ ማውጣት ከባድ ነው። የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቀረብ ተደርገው ቢሣሉ ይሻላል።

ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ቡናው ይቀላል፣ ዝናቡም ጋብ ይላል። የግድ በክረምት ከሆነ አክሪሊክ (በውሃ የሚበጠበጥ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ይሁን፤ የዘይት ቀለም በእርጥበት ቶሎ አይደርቅም። ፍሬሙን ሰፈር ያለ አናጢ ይሠራልሻል። ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይ ብቻ አትስቀዪው፤ ጭሱና ዕጣኑ ጋቢውን ያጠይመዋል።