እህቴን ሁሌ ጠዋት ብቻ ነው የሚጥላት፣ ሰዓት ይመርጣል እንዴ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ 17 ዓመት የሆናት ታናሽ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። ቀን ላይ ጥሏት አያውቅም፣ ሁሌ ጠዋት ከእንቅልፏ እንደተነሳች እጇን ንዝር ንዝር ያደርጋትና የያዘችውን ብርጭቆ ትለቀዋለች፣ አንዳንዴ ከዛ ትወድቃለች። ለፈተና ስታጠና ባደረች ማግስት ደሞ ይብሳል። ቤተሰብ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ መንፈስ ነው፣ መድኃኒቱ ይቅርና ጸበል ብቻ ትግባ እያሉ ነው፣ ጨንቆኛል።

ሲስተር ነኝ፦ አይዞሽ የኔ እህት፣ ሰዓት መምረጡ የታወቀ የበሽታው ጠባይ ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት ከፍ ብሎ ወደ 20,000 ሴሎች ብቻ ያሉት ቦታ አለ፣ የሰውነታችን ሰዓት እሱ ነው። ብርሃንን ከዓይን እየተቀበለ እንቅልፍን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ ሜላቶኒንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ሆርሞኖች ያዛል፣ የአንጎል ሴሎች በቀላሉ የመነሳሳታቸው ነገርም በ24 ሰዓት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ከግንባር በኩል ካለው የአንጎል ክፍል የሚነሳው ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ የሚመጣው፣ ከጆሮ በላይ ካለው የሚነሳው ደሞ ቀን ላይ የሚበዛው። ጎወርስ የሚባል የለንደን ሐኪም ይሄን በ1880ዎቹ አስተውሎታል። በተቃራኒውም ይሠራል፣ ሌሊት ከጣላት እንቅልፏ ይቆራረጣል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ደሞ መልሶ ይጥላታል።

የአዳማ ልጅ፦ የእህትሽ ምልክት ከኔ ጋር አንድ ነው፣ በጉርምስና የሚጀምር ጠዋት ጠዋት የሚነዝር ዓይነት አለ። ንዝረቱን በስልክ ቅረጪና ለሐኪሟ አሳዪው፣ ካርባማዜፒን ይሄንን ዓይነት ሊያብሰው ይችላል፣ ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት!! እኔ መድኃኒት ከተቀየረልኝና በሰዓቱ መተኛት ከጀመርኩ በኋላ ብዙ ተሽሎኛል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሜላቶኒን ልግዛላት?

ሲስተር ነኝ፦ ያለ ሐኪም አትግዢ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልክ ይጠፋ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ትነሳ፣ ቅዳሜና እሁድም ጭምር፣ እንደተነሳች ብርሃን ታግኝ። መድኃኒት ሲቀየር ቫልፕሮት ከታዘዘላት ሴት ልጅ ስለሆነች በእርግዝና ጊዜ ፅንስ ስለሚጎዳ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ሌላ አማራጭ አለ።

እማማ ብርቄ፦ ልጄ፣ ጸበሉ አይከለከልም፣ ትጠመቅ፣ መድኃኒቷን ግን በሰዓቷ ትዋጥ። ድንገት ማቋረጥ የማያባራ መንፈራገጥ ያመጣል፣ ነፍስ ያጠፋል። ማኅሌት ቆማ ማደሩም ለጊዜው ይቅርባት፣ ቅዳሴውን ትሂድ። ሲጥላት ክብሪት አታሽትቷት፣ አፏ ውስጥም ምንም አትክተቱ፣ በጎኗ አስተኟት፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ሩጡ።

የአዳማ ልጅ፦ የጣላትን ቀን፣ ሰዓትና ማታ የተኛችበትን ደብተር ላይ እየጻፍሽ ያዢ፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት የሚያስተካክለው በሱ ነው፣ ለቤተሰብሽም እሱኑ አሳዪያቸው።