ጥቆማ፦ ኪሎው ወርዷል፤ እንዳይመለስ ከከተማው ዳር ምን ይሻላል?

የኮዬዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ዓመት በላይ ታግዬ ከ82 ኪሎ ወደ 66 ወረድኩ። ያሰብኩት ቁጥር ላይ ከደረስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በዚህ መሀል ከሳር ቤት ለቅቀን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ የለመድኩት ጂምም የምትከታተለኝ የሥነ ምግብ ባለሙያም ራቁኝ። ሁለት ኪሎ ተመልሷል፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ አያት፣ ጣፎ፣ ሱሉልታ ያላችሁ፣ ጂምም ይሁን ሚዛን፣ እንጀራም ይሁን ሻይ፣ ሞክራችሁ ያያችሁትን ጠቁሙኝ። መቀነሻ አልፈልግም፤ የምፈልገው ማቆያ ነው።

የጣፎዋ እናት

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን ሁለት ጊዜ አነበብኳት፤ እኔም ይህንኑ ፍለጋ ብዙ ብር ከፍያለሁና። ከ91 ወደ 74 ከወረድኩ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ዛሬ ጠዋት 75.2 ነኝ። ለመቀነስ የሚሸጥልሽ ሞልቷል፤ ለማቆየት የሚሸጥልሽ ግን የለም ማለት ይቻላል። ጂሙ የሦስት ወር ጥቅል አለው፣ ሻይ ሻጩ የ21 ቀን። እኔን ይከታተል የነበረው ባለሙያም ግቤ ላይ የደረስኩ ዕለት ፋይሌን ዘግቶ፣ ጨብጦኝ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምበላ አልነገረኝም፤ እኔም ደስታው ይዞኝ አልጠየቅሁትም።

መጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፤ ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረምሯቸው የረሃብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሱም፤ ሰዎቹም ከመቀነሳቸው በፊት ከነበረው የበለጠ ይርባቸው ነበር። ተመራማሪው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ ደግሞ በቁጥር ገምተውታል፦ በጠፋው በእያንዳንዱ ኪሎ ሰውነት በቀን የሚያቃጥለው ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቀንሳል፤ የመብላት ፍላጎት ግን ወደ 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። አንቺ 16 ኪሎ ጥለሻል፤ አባዢው። አሁን ‘እንደ ድሮዬ ልብላ’ ብለሽ ስትቀመጪ የምትበዪው የዚያችን የ82 ኪሎ ሴት ድርሻ ነው።

ወደ ጥቆማው ልግባ። ዋጋ አልጽፍም፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይቀየራል።

ሚዛን። ሦስቱንም ዓይነት አይቻለሁ። አያት፣ ባቡሩ የሚያበቃበት አካባቢ፣ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ወጣሁበት፤ 71 አለ። “እትዬ፣ ቀንሰዋል፤ ደስ ይበልዎት!” አለኝ። ጠዋት ቤቴ 74 ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሚዛኑ አንድ እግሩ የአስፋልት ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። “እስቲ ወደዚህ ድንጋይ አምጣው” አልኩት፤ ተዛወረ፤ 75 አለ፤ ጫማዬና ካፖርቴም አሉበት። ልጁ አንገቱን አቀረቀረ፤ ያሳዘነኝ እርሱ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሚዛን ትክክለኛ ነው፤ ግን ከምሳ በኋላ፣ በልብስ፣ ሰው እያየሽ ነው የምትመዘኚው። ስለዚህ ከመርካቶ ተራ ዲጂታል ሚዛን ግዢ፤ ስብን እለካለሁ የሚለው ውዱ አያስፈልግሽም። ከሸክላው ወለል ላይ አታንሽው፤ ምንጣፍ ላይ ይዋሻል።

አሜሪካ ውስጥ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከአንድ ዓመት በላይ ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። ከእነርሱ 75 በመቶው በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመዘናሉ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ተመዝኜ የግድግዳው ካላንደር ላይ እጽፈዋለሁ። 74 ላይ መስመር አላሰመርኩም፤ ከ73 እስከ 76 ያለው ሁሉ ቤቴ ነው። ከ76 ሲያልፍ ብቻ ነው የምነቃው። ያንቺ ሁለት ኪሎም ጨው፣ ውሃና የወር አበባ ሊሆን ስለሚችል አራት ቅዳሜ ሳትጽፊ አትፍረጂ።

ካላንደሩ አንድ ነገር አስተማረኝ። ሁልጊዜ በዓል ነው የሚያወፍረኝ እል ነበር፤ የፋሲካን ዶሮ እወቅሳለሁ። ቁጥሮቹ ግን ሌላ ይላሉ። በፋሲካ ሳምንት የጨመረው በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ይወርዳል። ቀስ እያለ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በበዓለ ሃምሳ። ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ በዓመቱ ውስጥ ሳምንቴን የሚያስሩልኝ ሁለት ቀናት ለሃምሳ ቀን ይጠፋሉ። ለእምነት እንጂ ለኪሎ አልጾምም፤ ግን ሳላውቀው አጥር ሆነውኝ ነበር። አሁን በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እራት ሽሮና ጎመን ብቻ ነው፤ ቤተሰቡም ለምዶታል።

ዘይት። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ ሳያስወጣ ከሁሉም የጠቀመኝ እርሱ ነውና። አንድ ቀን የልጄን መድኃኒት መስጫ ባለ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አጥቤ የቡና ሲኒዬን በውሃ ለካኋት። ሰባት ጊዜ ተኩል ገባባት፤ 75 ሚሊ ሊትር። ሽሮ የምሠራው ያቺኑ ሲኒ በዘይት ሞልቼ ነበር። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው፤ ሲኒዋ ብቻ ከ600 በላይ ትሆናለች። ያውም በጾም፣ ‘ቅቤ የለበትም’ ብዬ ልቤን ጥዬ። አሁን ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልቼ በሾርባ ማንኪያ ሁለት ዘይት መጨረሻ ላይ ጣል አደርጋለሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቴ አኮረፈ፣ ከዚያ ረሳው። ኑግ ይሁን ሱፍ ወይስ ፓልም እያሉ የሚከራከሩ አሉ። ለልብ ልዩነት አላቸው፣ የፓልሙ የረጋ ስብ ይበዛዋል፤ ለኪሎ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ሱቁ ‘ቀላል ዘይት’ ብሎ ቢሸጥልሽ አትመኚው።

እንጀራ። ሰፈራችን ሁለት አማራጭ አለ፤ በመኪና ለሱቆች የሚከፋፈለውና ከብሎካችን ጀርባ አንዲት እናት የሚጋግሩት። በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኳቸው፤ የሱቁ አንዱ እንጀራ 310 ግራም፣ የእናትየዋ 420። ‘አንድ እንጀራ ብቻ ነው የምበላው’ ስል የነበረው ከማን እንደገዛሁት ይለያያል ማለት ነው። ለጣዕም የእናትየዋ ይበልጣል፤ ሰርገኛ ጤፍ ነው፣ ዓይኑም ያምራል። የሱቁ ግን በየቀኑ እኩል ነው። እኔ የመረጥኩት የእናትየዋን ነው፤ ሲያመጡልኝ አራት ቦታ እየቆረጥኩ አጣጥፌ አስቀምጣለሁ፣ ለአንድ ማዕድ ሦስቱን አወጣለሁ። ቀይ ወይም ጥቁር ጤፍ ‘አያወፍርም’ የሚለው ወሬ ነው፤ ብረትና አሰሩ ጥሩ ነው፣ ካሎሪው ግን ከነጩ ብዙም አይርቅም።

ጂም። የሰፈሬን ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። አንደኛው ማሽን የሞላበት፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ግን መሮጫው ላይ እንደቆምሽ ትቀሪያለሽ። ስድስት ወር አስቀድሜ ከፍዬ በሦስተኛው ወር በሩ ላይ ‘የሚከራይ’ የሚል ወረቀት ጠበቀኝ። ገንዘቤን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ሁለተኛው ብረት ብቻ ያለበት ጠባብ ቤት ነው፤ ጄኔሬተር አይፈልግም፣ አሠልጣኙ ስም ያውቃል፣ ሁለት ቀን ስቀር ‘ምነው እትዬ?’ ብሎ ይደውላል። ያቆየኝ ይኸኛው ነው። ክብደት ሲቀንስ ጡንቻም አብሮ ስለሚሄድ በሳምንት ሁለት ቀን ብረት ማንሳት ከመሮጫው በላይ ያስፈልግሻል። የትም ሂጂ፣ በየወሩ እንጂ አስቀድመሽ አትክፈይ። ቤት ውስጥ ከሆነ የላስቲክ ገመዱ ይበቃል፤ የዝላይ ገመድ አትግዢ፣ የታች ጎረቤትሽ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድብ ትሰሚያለሽ። (ውሃ በፈረቃ ሲሆን ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ሳልከፍል ያገኘሁት ስፖርት ነው፤ ለማንም ግን አልመኝለትም።)

እግር። ለማቆየት የሚመከረው በሳምንት ከ200 እስከ 300 ደቂቃ ነው። ከላይ ከጠቀስኩት መዝገብ ሰዎችም 90 በመቶው በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ከሥራ ተመልሼ ልሂድ ብል ይመሻል፤ ስለዚህ ከመንገዴ ላይ ሰረቅሁት፤ ጠዋት ታክሲ ሳልይዝ እስከ ባቡሩ በእግሬ፣ ማታም እንዲሁ። አንድ እንቅፋት አለው፤ ማታ ታክሲ መያዣው ጋ የሳምቡሳና የቦምቦሊኖ መጥበሻው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ይኖራል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ቀን ያሳልፈኛል። እንጦጦ ፓርክ ያምራል፣ ግን ከእኛ ዳር እስከዚያ ደርሶ መመለስ ቀን ይፈጃል፤ በወር አንድ ቀን ለቤተሰብ።

ሻይ። አትግዢ። በቴሌግራም ‘ማቅጠኛ’ እየተባሉ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። የሚቀነሰው ውሃ ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ አንጀትሽ ያለ እርሱ አልሠራም ይላል።

የሱሉልታው

እትዬ፣ በሁሉም ልስማማ፤ ሩጫን ግን ዝም ብለው አለፉት። እኔ 11 ኪሎ ቀንሼ አራት ዓመት ያቆየሁት በሩጫ ነው። እዚህ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ መጀመሪያ ትንፋሽ ያሳጣል፤ አትሌቶቹ በአጠገብዎ እንደ ነፋስ ሲያልፉ ያሳፍራል፣ ከዚያ ይለመዳል። ክፍያ የለም፤ ደህና ጫማ ብቻ። ሳይነጋ ግን አትውጡ፤ ጅብ አለ። ለቀልድ አይደለም።

የጣፎዋ እናት

ወንድሜ፣ ጉልበቴ ቢፈቅድ እሮጥ ነበር፤ ለሚችል ሰው ጥቆማህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሳምንት ብትታመም ምን ይሆናል? እኔ እግሬን ያመመኝ ወር ያቆየኝ ስሪንጁ ነው።

የሱሉልታው

ባለፈው ክረምት ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ሦስት ኪሎ ጨመርኩ። እሺ፣ ተረትቻለሁ፤ ስሪንጅ እገዛለሁ።

የገላኑ

እኛ ቤት በረመዳን ነው የሚበላሸው። ቀኑን ሙሉ ተጾሞ ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳው አምስት ስድስት ይሄዳል፣ ጣፋጭ መጠጡም አለ። ዘንድሮ ባለቤቴ ሳምቡሳውን በምድጃ መጋገር ጀመረች። እውነቱን ልናገር፣ እንደ ተጠበሰው አይጣፍጥም፤ ለዚህ ይሆናል ሁለት በልቼ የማቆመው። አንድ ጥያቄ፦ ስለ ማቅጠኛው መርፌ ምን ትላላችሁ? ሥራ ቦታ ሁሉም የሚያወራው ስለ እርሱ ነው።

የጣፎዋ እናት

ሴማግሉታይድ ማለትህ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል። ግን የእኛ ጥያቄ ማቆየት ነው፤ በአንድ ጥናት መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰውታል። ስለዚህ መወጋት የሚጀምር ሰው የሚጀምረው ረጅም ነገር ነው፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ ገንዘቡንም ለዓመታት አስልቶ። በሻንጣ መጣ ብሎ ከሚሸጥ ሰው አትግዛ፤ ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት ነው፣ የት እንደከረመ አታውቅም።

የኮዬዋ (ጠያቂ)

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት መርካቶ ወርጄ ሚዛኑን ገዛሁ፤ ዛሬ ጠዋት 67.6። ሲኒዬንም ለካሁ፤ የእኔ 80 ሚሊ ሊትር ናት፣ ደነገጥኩ። ጂሙን ለሚቀጥለው ወር አቆየሁት። ጠዋት በእግር መሄድ አስቤ ነበር፣ ግን ብሎኮቹ መሀል ለብቻዬ እፈራለሁ። ኮዬ ላይ የሚሄድ ሰው አለ?

ሌላዋ የኮዬ

እኛ አለን፤ ሦስት ሴቶች ነን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከነጋ በኋላ እንወጣለን፣ አስፋልቱን ይዘን አርባ ደቂቃ ሄደን እንመለሳለን። ቦታውን በውስጥ እጽፍልሻለሁ። ጫማሽ ምንም ይሁን፣ ዱላ ግን ይዘሽ ነይ፤ ውሾቹ አዲስ ሰው ሲያዩ ይጮኻሉ።