በማርች መጨረሻ የአልፕስ በረዶ እንዴት ነው? ቫል ቶራንስ ወይስ ኪትስቢውል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በማርች የመጨረሻ ሳምንት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ አልፕስ ተራሮች ልንሄድ ነው። እኔ በሕይወቴ በረዶ ላይ ተንሸራትቼ አላውቅም። ሁለት ቦታ ቀርቦልናል፤ አንዱ የፈረንሳዩ ቫል ቶራንስ፣ ሌላው የኦስትሪያው ኪትስቢውል። ግማሾቹ "በዚያ ሰሞን በረዶው አልቆ ጭቃ ነው የሚጠብቀን" ይላሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው ብለው ይከራከራሉ። ስልኬ ላይ ሳይ ለኪትስቢውል ቀን ቀን 8 ዲግሪ ገደማ ይላል። በ8 ዲግሪ በረዶ እንዴት ይቆያል? ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት የምታውቁ ንገሩኝ እባካችሁ።

የተራራ ወዳጅ፦
ሰላም እህቴ። ስልክሽ የነገረሽ የከተማውን ሙቀት ነው፤ አንቺ የምትንሸራተቺው ግን ከከተማው በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ኪትስቢውል ከባሕር ጠለል በላይ 760 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የመንሸራተቻው አናት ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ታች 8 ዲግሪ ሲሆን ላይ ዜሮ አካባቢ ነው። ቫል ቶራንስ ደግሞ መንደሩ ራሱ 2,300 ሜትር ላይ ነው የተሠራው፣ ሊፍቶቹም (ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጡት በገመድ የሚጎተቱ መጓጓዣዎች) ከ3,000 ሜትር በላይ ያወጡሻል። ለማርች መጨረሻ በረዶ የማግኘት ዕድልሽ እዚያ በጣም የተሻለ ነው።

"ጭቃ" ያሉሽም "ምርጥ" ያሉሽም ግን አልዋሹም፣ ያዩት የአንድ ቀን የተለያየ ሰዓት ነው። በዚያ ወቅት በረዶው ሌሊት ይጋግራል፣ ቀን ይቀልጣል። ጠዋት ሊፍቱ ሲከፈት መሬቱ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ለጀማሪ ያስፈራል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትመታው የላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይለሰልስና እንደ ደቃቅ ጠጠር ይሆናል፣ ያኔ እግርሽ ሥር ያለው ስሜት ልዩ ነው፣ ለመማርም ከዚያ የሚመች የለም። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ውሃ ይይዝና ይከብዳል፣ እግርሽ ላይ የታሰረውን ሸርተቴ ይይዝብሻል፣ ጉልበት የሚጠማዘዘውም ያኔ ነው። ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታገኘውን ምሥራቅ የሚያየውን ተዳፋት ያዢ፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ዙሪ። ሰሜን የሚያየው ፊት ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ሲደክምሽ ውረጂ፣ "አንድ ዙር ልጨምር" አትበይ።

ሸርተቴ ላይ ነኝ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ከፍ ያለ ቦታ ሁሉ የተሻለ ነው እንዳይመስልሽ። እኔ እንደዚያ ከፍ ያለ፣ ዛፍ የሚባል የሌለበት ቦታ ሄጄ ከስድስቱ ቀን ሁለቱን ያሳለፍኩት መስኮት አጠገብ ነው። በአልፕስ 2,000 ሜትር ገደማ ካለፍሽ ዛፉ ያልቃል። ደመና ሲወርድ ሰማዩም ነጭ፣ መሬቱም ነጭ፣ ጥላ የለም። እግርሽ ሥር ጉድጓድ ይኑር ጉብታ አታይም፣ ቆመሽ ይሁን እየተንሸራተትሽ እንኳ ይምታታብሻል። አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ ብዬ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር። ዛፍ ያለበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ግን ጥቁሩ ግንድ ለዓይን መያዣ ይሰጣል፣ ነፋሱንም ይሰብራል። ስለዚህ በረዶ እየጣለ ላለበት ቀን ዝቅ ያለው ቦታ ይሻላል።

ነፋሱንም አትርሺው። ሊፍት የሚዘጋው ከበረዶው ይልቅ በነፋስ ነው። ከደቡብ ተራራውን ተሻግሮ የሚመጣ ፎን የሚባል ሞቃትና ደረቅ ነፋስ አለ፣ ኪትስቢውል ያለበትን የኦስትሪያውን የቲሮል ክልል በደንብ ያውቀዋል። እሱ ሲነሣ በረዶውን በሰዓታት ውስጥ ይበላዋል። ትንበያ ስታዪ ከሙቀቱ በፊት የነፋሱን ፍጥነትና በረዶና ዝናብ የሚለዩበትን ከፍታ ተመልከቺ። "ከ1,500 ሜትር በታች ዝናብ" ካለ ኪትስቢውል ታችኛው ግማሽ ይረጥባል፣ ቫል ቶራንስ ላይ ግን በረዶ ይጥላል።

ጀማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሙቀቱን ብቻ ነበር የማየው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሪዞርቶቹ ገጽ ላይ የበረዶው ጥልቀት "ታች 40 ሴንቲ፣ ላይ 180 ሴንቲ" ይላል። 40 ሴንቲ በቂ ነው? ደግሞ የበረዶ ናዳውን ነገር ስሰማ እናቴ እንዳትሰማ እያልኩ ነው።

የተራራ ወዳጅ፦
በማሽን ተጠቅጥቆ የተስተካከለ መስመር ላይ 40 ሴንቲ በደንብ ይበቃል። ዝቅ ያሉት ቦታዎች መድፍ በሚመስል ማሽን ውሃ ረጭተው በረዶ ይሠራሉ። ለዚያ ግን አየሩ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት፣ እርጥበቱም ዝቅ ማለት አለበት፤ ለዚህ ነው የጃንዋሪን ብርድ ተጠቅመው ለማርች የሚያከማቹት።

በረዶ ጠባቂ፦
ስለ ናዳው እኔ ልመልስ፣ ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ። ክፍት ሆኖ ምልክት በተተከለበት መስመር ውስጥ ከቆየሽ የሪዞርቱ ሠራተኞች አደጋውን ይከታተላሉ፣ አደገኛውን ይዘጋሉ። መስመሩን ከሚያጥረው ገመድ ውጭ ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። የናዳው አደጋ ደረጃ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ሰው 3ን ሲያይ "መካከለኛ ነው" ይላል፣ የ3 ስም ግን "ጉልህ" ነው። ከሁሉ በላይ ሰው የሚሞተውም ደረጃው 3 በሆነበት ቀን ነው፣ ምክንያቱም በ4 እና በ5 ሰው ራሱ ይፈራና ይቀራል። በ1999 ፌብሩዋሪ 23 ኦስትሪያ ጋልቱር መንደር ላይ ናዳ ወርዶ 31 ሰው ገድሏል፣ መንደሩ ውስጥ እያሉ። ያ ከስንት አንዴ የሚሆን ነው፣ አንቺን ለማስፈራራት አይደለም፤ "ዝግ ነው" የሚል ምልክት ስታዪ ጓደኞችሽ ቢያልፉትም አትከተያቸው።

ፀሐዩንም አትናቂ። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ትኩስ በረዶ ደግሞ እስከ 80 በመቶውን መልሶ ከታች ወደ ፊትሽ ይወረውረዋል። ደመና ቢሆንም ክሬሙን ተቀቢ፣ አገጭሽንና የአፍንጫሽን ሥር ሳትረሺ። መነጽርሽን ለሥዕል ስትይ እንኳ አታውልቂ፤ ዓይኔ በበረዶ ተቃጥሎ ሁለት ሌሊት አሸዋ የገባበት ያህል ቆርቁሮኝ ያውቃል።

ጀማሪዋ፦
ለባልደረቦቼ ይህን ሁሉ አነበብኩላቸው። ቫል ቶራንስ ወስነናል፣ ጠዋት ሳንቸኩል ረፋድ ላይ እንወጣለን። ስመለስ በረዶው እንዴት እንደነበረ እዚሁ እጽፋለሁ።