ሜቲሊን ብሉ ሲበዛ ቅርጹ ይቀየርብኛል፤ መሣሪያው ነው ወይስ ቀለሙ?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው፤ የማስተርስ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። ከጣና ዳር የሰበሰብኩትን እንቦጭ አድርቄ አከሰልኩት። ከሰሉ የጨርቅ ማቅለሚያን ከውኃ ያጠራ እንደሆነ ልፈትሽ ነው። ለሙከራ የያዝኩት ቀለም ሜቲሊን ብሉ ነው። ግን ከሰሉን ሳልነካ ገና ስታንዳርድ ከርቩ (የቀለሙን መጠን ከሚመጥጠው ብርሃን ጋር የሚያነጻጽረው መስመር) ላይ ተያዝኩ።

በሊትር እስከ 4 ሚሊ ግራም ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ከዚያ መስመሩ ይጎብጣል። ይኼ ብቻ ቢሆን መሣሪያው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ያልገባኝ ሌላ ነው። በ664 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ ያለው የመምጠጥ ጫፍ በልኩ አያድግም፤ 610 አካባቢ ያለችው ጉብታ ግን ታድጋለች። 20 ሚሊ ግራም ላይ ጫፉን ልትደርስበት ምንም አልቀራት።

ጠርሙሱ ያው ነው፣ ውኃውም ያው። ሦስት ጊዜ ከአዲስ ሠራሁት፤ ለውጥ የለም። ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆን? እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዘጌ ቡና፦
አይዞሽ እህቴ፣ ቀለሙ ደህና ነው። ሞለኪውሎቹ እየተጣመሩ ነው። እኔም በዚሁ ቀለም ብዙ ሳምንት ተንከራትቻለሁ።

ሜቲሊን ብሉ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ሞለኪውል ነው። ውኃ ውስጥ ሲበዛ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ሞሰብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ይነባበራል። ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ በርዝመቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። ለቅጽበት አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆናል።

እስኪ ታንኳ አስቢ። አፍንጫዋ ፖዘቲቭ፣ ኋላዋ ኔጋቲቭ ይሁን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስረሽ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን ብታደርጊ፣ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ይጎራበታል። ይገፋፋሉ። ብርሃን የሚያገኛቸው ደግሞ እንዲህ አብረው ሲወዛወዙ ነው፤ በተቃራኒ ከሆኑ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። ስለዚህ የመገፋፋቱን ያህል ተጨማሪ ጉልበት ብርሃኑ ይዞ መምጣት አለበት። ጉልበቱ የበዛ ብርሃን ሞገዱ አጭር ነው። 610ሯ ያደገችው ለዚህ ነው። ይህን አደራደር ኤች ይሉታል።

ታንኳዎቹ ተከታትለው ቢሄዱስ? የፊተኛዋ ኋላ ከኋለኛዋ አፍንጫ ጋር ይገናኛል፤ ይሳሳባሉ። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሚመጠጠው ብርሃን ወደ ቀይ ይሄዳል። ይኼኛው ጄ ነው። ጄሊ የሚባል እንግሊዛዊና ሻይበ የሚባል ጀርመናዊ በ1930ዎቹ አጋማሽ ለየብቻቸው ያገኙት ነው፤ ጄ የጄሊ ስም ነው። በመሃል ሞለኪውሎቹ ማዕከሎቻቸውን ከሚያገናኘው መስመር 54.7 ዲግሪ ሲያጋድሉ መግፋቱና መሳቡ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። አንድ ሞለኪውል፣ ሦስት ዓይነት አቀማመጥ፣ ሦስት ዓይነት ቀለም! እኔ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

መሣሪያው ይሁን ቀለሙ ለመለየት ይህን ሞክሪ። 2 ሚሊ ግራሙን በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት (ቀለሙ ተሞልቶ የሚለካበት ትንሽ ብልቃጥ)፣ 20ውን በ1 ሚሊ ሜትር ኩቬት ለኪ። ብርሃኑ የሚያልፍበት የቀለም መጠን እኩል ነው። ጥፋቱ የመሣሪያው ከሆነ ሁለቱ መስመሮች ይደራረባሉ። ካልተደራረቡ መጣመር ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ዘጌ ቡና በደንብ አስረድቷል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የ610 ጉብታ ቀለሙን የቱንም ያህል ብትበርዢው ፈጽማ አትጠፋም። ነጠላው ሞለኪውል ራሱ ሲርገበገብ እዚያ አካባቢ ትንሽ ይመጥጣል። ስለዚህ መኖሯን ሳይሆን ከ664 አንጻር ማደጓን ተከታተዪ። ኢታኖል ጨምሪበትና ደግሞ እዪ፤ ጥንዶቹ ይፈታሉ።

እኔ የምሠራው በብርሃን በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላይ ነው፤ አቀማመጥ ቀለም ሲቀይር እዚያም ይታያል። ከሐምራዊዎቹ በአንዳንዶቹ አንድ ዓይነት ክሎሮፊል በሁለት ቀለበት ተቀምጧል። 9ኙ ተራርቀው በ800 ናኖሜትር፣ 18ቱ ተጠጋግተው በ850 ይመጥጣሉ። መቀራረባቸው ለልዩነቱ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

የጣና ዳር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም! 1 ሚሊ ሜትሩን ኩቬት ከሌላ ላብራቶሪ ተውሼ ሞከርኩት። አልተደራረቡም፤ በ20ው የ610 ጉብታ ጎላ ብላ ትታያለች። ግማሽ በግማሽ ኢታኖል ሳደርገው ሟሸሸች። እዚያው መሣሪያው ፊት እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ከእንግዲህ ናሙናዎቼን ሁሉ ከ4 በታች በርዤ ነው የምለካቸው። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፦ ከሰሉ ላይ የሚለጠፈው ቀለምስ እንዲሁ ይነባበራል ወይ?