ውሾቹ በመርዝ ይወገዱ? የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶች ክርክር

ብሎክ 3፦ ትናንት ስብሰባ ላይ ላልነበራችሁ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በውሻ ተነክሷል። ከዚያ በየቤቱ 100 ብር ተዋጥቶ መርዝ ይገዛ፣ ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ማታ ይጣል ተባለ። እኔ አላዋጣም። ብስጭቱ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ልጅ አለኝ። ግን መርዙ ውሻው ጋ አይቆምም። የሞተውን ውሻ ማን ያነሳዋል? ማንም። ጠዋት ጥንብ አንሳ ይወርድበታል፣ እሱም ይሞታል።

የብሎክ 7 እናት፦ ለአሞራ ብለን ልጆቻችንን እናስነክስ ነው የምትለው? እኔ በየቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ዱላ ይዤ ነው ልጄን ሰርቪስ የማሳፍረው። ውሾቹ ስምንት ዘጠኝ ሆነው ነው የሚመጡት። አንተ መኪና አለህ መሰለኝ።

ብሎክ 3፦ የለኝም እህቴ። የምናገረው ያየሁትን ነው። በፊት የነበርኩበት ሰፈር እንዲሁ ተደርጎ ነበር። ጠዋት ስንወጣ ቦዩ ውስጥ ሁለት ውሻ ደርቆ፣ አጠገባቸው ደግሞ ያቺ ቡናማዋ ትንሿ ጥንብ አንሳ፣ ፊቷ ሮዝ የሆነው፣ ክንፏን መሬት ላይ ዘርግታ ትንቀጠቀጣለች። ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩባት እንኳ መነሳት አቃታት። ይቺ ወፍ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ናት። እኛ ቄራና ቆሻሻ መጣያ ላይ ስለምናያት የሞላች ይመስለናል። በዓመት አንድ እንቁላል ነው የምትጥለው! ደግሞ ጥንብ የሚያገኙት በዓይን ነው፤ አንዷ ስትወርድ ሌሎቹ ከሩቅ አይተው ይከተሏታል። አንድ የተመረዘ ውሻ መንጋውን ሙሉ ሊጨርስ ይችላል።

የሚኒባስ ሹፌር፦ እና ቢያልቁ ምን ይቀርብናል? እኔ የማውቀው መኪናዬ ላይ ሲጥሉ ነው 😂

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ብሎክ 11)፦ የሚቀርብህን ሕንድ አይቶታል። ያ ለወገብህ የምትወጋው ዲክሎፌናክ እዚያ ለከብት ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት አሞራው ይበላዋል፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፣ ይሞታል። ሦስት ዓይነት ጥንብ አንሳዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የታገደው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔ ብዙው አልቋል። እስከዚያ ጥንቡን ማን በላው? ውሻ። ውሻው በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ። ገባህ? አሞራ ሲጠፋ ውሻ ነው የሚተካው።

የብሎክ 7 እናት፦ ሕንድ ሩቅ ነው። ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ መርዝ ድሮም ይጣል ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ከሌላ ሰፈር ሌላ ውሻ ይመጣል። ምግብ ካለ ምን ያግደዋል? አስፋልቱ ዳር ያሉት ሥጋ ቤቶች ማታ አጥንቱን ውጪ ነው የሚደፉት። እኛስ? በፋሲካ የበጉን ሆድ ዕቃ በፌስታል ቋጥረን ከአጥር ወዲያ ስንወረውር ማን ተናገረን?

የሚኒባስ ሹፌር፦ ጋሼ ሥጋ ቤቱን እርስዎ ይንገሩልን፣ እኔ በዱቤ ነው የምበላው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦ ብሩ ይዋጣ፣ ግን ለክትባት። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ባሌ ላይ ለሰፈር ውሾች ክትባት የሚሰጠው ለምን ይመስላችኋል? ቀይ ቀበሮውን ደጋግሞ የፈጀው ከውሻ የሚመጣው ይኸው በሽታ ነው፤ በዓለም የቀሩት ደግሞ 500 አይሞሉም። አልዋሻችሁም፣ የተከተበ ውሻም ይናከሳል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ።

የብሎክ 7 እናት፦ እንዲህ ነዋ። ተከትቦ ይንከስልኝ?

የሌሊት ጥበቃ፦ ይቅርታ፣ እኔም ልናገር። ውሾቹ ከሌሉ ጅቡ መምጣቱን ማን ይነግረኛል? በዚህ በወንዙ በኩል እኮ ነው የሚገባው። ልጁን የነከሰችውንም አውቃታለሁ፣ ያቺ እግሯ ነጭ የሆነችው ናት። ብሎክ 9 ደረጃ ሥር ወልዳ ነው። የቡችሎቹ ዓይን ገና መገለጡ ነው። ልጁ በዚያ ሲያልፍ ኳሱ ገባበት፣ ሊያወጣ ጎንበስ አለ፣ ያዘችው። ሌላ ጊዜ እኮ አብራኝ ነው የምታድረው።

የብሎክ 7 እናት፦ ልጄ የሚያልፈው በዚያ ነው እኮ! ለምን እስከዛሬ አልተናገርክም?

የሌሊት ጥበቃ፦ ማን ጠየቀኝ፣ እትዬ? ትናንት የጠየቃችሁኝ መርዙን ማታ ትጥልልናለህ ወይ ብላችሁ ነው።

ብሎክ 3፦ ደረጃው ሥር ያለውን ነገ በቆርቆሮ እንከልለው። ቆርቆሮ እኔ ጋ አለ።

የብሎክ 7 እናት፦ 100 ብሬን ለክትባቱ እሰጣለሁ። እስከ እሁድ ነው የምታገሠው ግን። እሁድ ከታቢ ካልመጣ ሥጋውን ራሴ ነው የምገዛው።