ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ድርግም ለሚልባችሁ፦ ከፎርማት በፊት የት ይወሰድ? ምን ይገዛ?

የዴስክቶፔን ጣጣ የሰሙ ወዳጆቼ "የእኔም እንደዛ ያደርገኛል፣ የት ላሠራው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ልጻፈው። የምጽፈው አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ከሱቆቹ ሰፈር በቀር ነገሩ ያው ነው።

ቤት ያለን ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፣ "ስላይትሊ ዩዝድ" (ጥቂት ያገለገለ) ተብሎ የተገዛ። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በሱ ነበር። ሳምንት ሙሉ ደህና ይሰነብትና በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ሱቅ ስወስደው "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" አሉኝ። ከፈልኩ። በአራተኛው ቀን ያው ሆነ። መልሼ ወሰድኩት፤ ድጋሚ ፎርማት፣ ድጋሚ ክፍያ። በሁለተኛው ፎርማት እህቴ ሌላ ቦታ ያላስቀመጠችው አንድ ሙሉ ምዕራፍ አብሮ ጠፋ። ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም። ይህንን የምጽፈው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው።

ምክንያቱን ያገኘነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቴ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ሰካች። የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ አለ፣ ኮምፒውተሩም በዚያው ቅጽበት ድርግም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። ለካ የሚጠፋው አንዳችን ምጣድ በሰካን ቁጥር ኖሯል። ግን ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። ደህና ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኃይል ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሣጥን) ለቅጽበት የወረደን ኃይል ይችለዋል። ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው ሁለት ኮንደንሰር (ኃይል የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ሲሊንደሮች) አናታቸው እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ አንዱ ሥር ቡናማ ነገር ደርቆ አየን። መስመሩም ደካማ፣ ፓወር ሰፕላዩም ያረጀ። ፎርማት ለሁለቱም አይደርስም።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። መቼ ጠፋ? ምን ተሰክቶ ነበር? ከባድ ሥራ ላይ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ተቀምጦ? ከዚያ ኢቨንት ቪውወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ከፍታችሁ "ሲስተም" የሚለው ውስጥ ቀዩን ምልክት ፈልጉ። ከርነል ፓወር 41 የሚል ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ "ፓወር ሰፕላዩ ነው" ብሎ ይደመድማል። አይደለም። 41 የሚለው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ተነሣ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። እዚያው አካባቢ ዌያ ሎገር (WHEA-Logger) የሚል ካለ ግን ሃርድዌሩ ራሱ እየጮኸ ነው። ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ብሎ የሚጠፋባችሁ ደግሞ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ "ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ" ጋ ገብታችሁ "በራሱ ሪስታርት ያድርግ" የሚለውን አጥፉት። ኮዱ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ባለሙያ ጋ ይህን ፎቶ ይዞ የሄደ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከሆነስ? አውጥታችሁ ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ ቀስ ብላችሁ አጽዱና መልሱት፤ ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል። ሁለት ከሆኑ አንድ አንድ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ከዚያ ሜምቴስት 86 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫኑና ማታ ለቃችሁት ተኙ። ጠዋት አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይታመንም። "አንድ ብቻ ነው" የሚላችሁን አትስሙ።

ሙቀት የራሱ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን ዱባይ ካለው ያነሰ አየር ነው የሚገፋው። በጋ ላይ አቧራው ይጨመርበታል። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጫኑና ሥራ ሲበዛበት ፕሮሰሰሩ ከ90 ዲግሪ ካለፈ አጽዱት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም አስቀይሩ። ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፣ አልመክርም። ከአየሩ ጋር ውሃና ዘይት ይወጣል። ግድ ከሆነ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፤ ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል። ትንሽ የእጅ ብሎወርና የቀለም ብሩሽ ይሻላል።

አሁን የት ይወሰድ የሚለው። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ።

ቦሌ መድኃኔዓለምና መገናኛ ሕንፃዎች ውስጥ ያሉት ሱቆች ዕቃ ለመግዛት ጥሩ ናቸው። ደረሰኝ አለ፣ ጥቂት ቀን ዋስትና ይሰጣሉ። ለጥገና ግን ብዙዎቹ ትዕግሥት የላቸውም። አንዴ እየጠፋ ሌላ ጊዜ ደህና የሚሆን ማሽን ጊዜ ይፈልጋል፤ እነሱ ጋ ሰልፍ አለ። መርካቶ ካገለገለ ዕቃ ላይ የተቀመጡ ልጆች አሉ። ቦርድ ላይ ኮንደንሰር ነቅለው መቀየር የሚችሉት እነሱ ናቸው፣ እጃቸው ያስደንቃል። ዋጋውም ይቀላል። ግን ዋስትናው ሰውዬው ራሱ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ካላገናኛችሁ ይከብዳል። ሦስተኛው ቤት ድረስ የሚመጣ ቴክኒሽያን ነው፣ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። እንዲህ ላለ ችግር እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ምጣድ የለም! ማሽኑ የሚጠፋው እናንተ ቤት፣ እናንተ ሶኬት ላይ ነው። ሱቅ ስወስደው ሁለቴም ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ውሎ ነበር።

ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ። ቴስተር (ቮልቴጅ መለኪያ) ይዞ ይመጣል? የሚሠራ ትርፍ ፓወር ሰፕላይና ራም ይዞ ይመጣል? ሁለቱንም "አዎ" ካለ ይምጣ። በቴስተሩ ሲለካ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ከወረደ ወይም ከ12.6 ካለፈ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል። ስልክ ላይ ሆኖ ምንም ሳያይ "ፎርማት ነው" ካላችሁ አመስግናችሁ ዝጉት።

ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ትልቁን ጽሑፍ ሳይሆን ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። አንድ ሱቅ ውስጥ "500 ዋት" የተለጠፈበት አንስቼ ሳየው በ12 ቮልት መስመሩ 18 አምፔር ይላል። 12 በ18 ስታባዙት 216 ዋት ነው። ዕቃው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። ከዚህ አዲስ ይልቅ ያገለገለ ግን ከደህና ማሽን የወጣ ዋናውን እመርጣለሁ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የብዙዎቹ ማዘርቦርድ (ዋናው ቦርድ) የኃይል መሰኪያ 24 ፒን ሳይሆን 8 ወይም 6 ፒን ነው። የተለመደው አይገጥምም። የድሮውን ፈትታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ውስጥ ግን የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን አትክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ኃይል ይዞ ይቆያል።

ስታቢላይዘር ወይስ ዩፒኤስ? ስታቢላይዘር የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ያስተካክላል፣ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ግን ባትሪ ስላለው ለጥቂት ጊዜ ያቆያል። ለዴስክቶፕ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ይሻላል፤ ካርቶኑ ላይ "ኤቪአር" ወይም "ላይን ኢንተራክቲቭ" የሚል ፈልጉ። 650 ቪኤ የሚል 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ325 እስከ 390 ዋት ነው። ለቢሮ ሥራ ማሽንና ለአንድ ሞኒተር ይበቃል። ፕሪንተር አትሰኩበት። እኛ የገዛነው ኤፒሲ የሚባለውን ብራንድ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ባትሪው በየጥቂት ዓመቱ እንደሚቀየርም አስቡበት።

አሜሪካ ያለ ዘመድ "ምን ላምጣልህ?" ካላችሁ ራም ወይም ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ) በሉ። ዩፒኤስ አይሆንም፤ የዚያ አገሩ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከዚያ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ካለ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን ተመልከቱ። ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለውና 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ግፉት። ካልሆነ በሰካችሁበት ቅጽበት ይፈነዳል።

የኮምፒውተሩን የብረት ሣጥን ስትነኩት የሚነዝራችሁ ካላችሁ ሶኬታችሁ ግራውንድ (የመሬት መስመር) የለውም ማለት ነው። እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ አታሳድሩት።

እኛ ፓወር ሰፕላዩን ቀየርን፣ ዩፒኤስ ጨመርን። ባለፈው ቅዳሜ ምጣዱ ተሰካ። አምፖሉ እንደልማዱ ደብዘዝ አለ። ዩፒኤሱ አንዴ "ቀጭ" አለና ዝም አለ። እህቴ መጻፏን ቀጠለች።